ሲቪ ላይ «የሥራ ዓላማ» ምን ተብሎ ይጻፍ? ለዜሮ ዓመት የአካውንቲንግ ተመራቂ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሐምሌ 2017 በአካውንቲንግና ፋይናንስ በዲግሪ ተመርቄአለሁ፤ የሥራ ልምዴ ዜሮ ነው። ሲቪዬን ያሠራሁት አራት ኪሎ አንድ ጽሕፈት ቤት ነው። ኦብጀክቲቭ (የሥራ ዓላማ) የሚለው ቦታ ላይ ‹ስመ ጥር በሆነ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ፣ ያለኝን ዕውቀትና ክህሎት በመጠቀም ለድርጅቱም ለራሴም ዕድገት የበኩሌን አስተዋፅኦ ማበርከት› ይላል። የጓደኞቼም ያው ነው። ለግል ድርጅት፣ ለኤንጂኦ፣ ለባንክ የማስገባው ይህንኑ ሲቪ ነው፤ እስካሁን የጠራኝ የለም። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሁለት ወር ኢንተርንሺፕ ወጥቻለሁ። ፒያሳ ያለውን የአክስቴን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሒሳብም ከተማሪነቴ ጀምሮ የምይዘው እኔ ነኝ፤ እሱን ግን ሥራ ስላልሆነ አላስገባሁትም። ኦብጀክቲቩ ምን ይባል? ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን ወይስ ልቀያይረው?»

ምላሽ፦ ሰላም እህቴ። ያልተጠራሽው በኦብጀክቲቩ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ስንት ሰው እንደሚረባረብበት አንቺም ታውቂዋለሽ። ነገር ግን ውጤትሽንና የምረቃ ዓመትሽን ከእንግዲህ መለወጥ አትችዪም፤ ከስምሽና ከስልክሽ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ሦስት መስመሮች ግን ዛሬ ማታ መለወጥ ትችያለሽ። መጀመሪያ አሁን ያለው ለምን እንደማይሠራ እንይ። ምክንያቱ ካልገባሽ አዲሱንም እንደ አሮጌው ነው የምትጽፊው።

«ስመ ጥር በሆነ ድርጅት» ትያለሽ። ይህን የሚያነበው የድርጅቱ የሰው ሀብት ሠራተኛ ነው። ስሙ የገነነ ድርጅት ከሆነ ከአንቺ መስማት አያስፈልገውም፤ አሥር ሠራተኛ ያለው፣ ማንም የማያውቀው ፒኤልሲ ከሆነ ደግሞ ለሌላ ቤት የተጻፈ ወረቀት እጁ የገባ ይመስለዋል። «ተቀጥሬ» የሚለውም አዲስ ነገር አይነግረውም፤ ማመልከቻ የገባው ለመቀጠር ነው። ምን ሆነሽ እንደምትቀጠሪ ግን የለም፤ አካውንታንት፣ ካሸር፣ ወይስ ኦዲተር? «ያለኝን ዕውቀትና ክህሎት» የትኛውን? «ለራሴም ዕድገት» የሚለውን ብትተዪው ማንም አይጎዳም፤ የራስሽን ዕድገት አንቺ አስቢበት፣ እሱ የጎደለበት ሰው አለና ያን ነው የሚፈልገው። «የበኩሌን አስተዋፅኦ ማበርከት» ደግሞ የስብሰባ መዝጊያ ንግግር ነው። አስተዋፅኦው ቫውቸር መሥራት ይሁን፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ይሁን፣ መጋዘን መቁጠር ይሁን አይታወቅም።

እንዲህ ያለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ነው። ጸሐፊዋ የቀደመውን ደንበኛ ፋይል ትከፍታለች፤ ስሙን፣ ስልኩን፣ ትምህርቱን ትቀይራለች፤ ኦብጀክቲቩ ለማንም ስለሚሆን ሳይነካ ያልፋል። አልፎ አልፎ «በኮንስትራክሽን ዘርፍ» የሚል ቃል ተርፎበት የአካውንቲንግ ተመራቂ ሲቪ ሆኖ ይወጣል፤ ባለቤቱም ሳያነበው ያስገባዋል። በጸሐፊዋ አልፈርድም፤ የተከፈላት ለመተየብ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ኦብጀክቲቭ የሚጠቅመው ሲቪሽን ያነሣው ሰው ለየትኛው መደብ እንዳመለከትሽ ወዲያው እንዲያውቅና ገጹን እስከ ታች የሚያነብበት ምክንያት እንዲያገኝ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ይይዛል፦ የምትፈልጊውን መደብ፣ ለዚያ መደብ የሚሆን ማስረጃ፣ ከነሱ ሥራ የትኛውን እንደምትረከቢ። ሌላው ሁሉ ከታች ቦታ አለው።

የመደቡን ስም ማስታወቂያው ላይ እንዳለ ቅጂው። «ጁኒየር አካውንታንት» ካለ «የሒሳብ ባለሙያ» ብለሽ አታሳምሪው፤ «አካውንትስ ክለርክ» ካለም «አካውንታንት» ብለሽ ከፍ አታድርጊው። አንድ ድርጅት በአንድ ማስታወቂያ አራትና አምስት መደብ ሲያወጣ ማመልከቻዎቹ በመደብ ይለያያሉ። ከስሙ ከወጣሽ ወይ የተሳሳተ ክምር ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ወይ የትም አትገቢም። «በማንኛውም ከሙያዬ ጋር በተያያዘ ዘርፍ» የሚለውም እዚሁ ጋ ነው የሚወድቀው። ለሁሉም ዝግጁ መሆንሽን ያሳየሽ ይመስልሻል፤ አንባቢው ግን ማስታወቂያውን ሳታነቢ ያስገባሽ አድርጎ ነው የሚያየው። የድርጅቱን ስም በተመለከተ ኦብጀክቲቭ ውስጥ ባታስገቢው እመርጣለሁ። የሚያስገቡ አሉ፤ ጥሩም ይመስላል። በሳምንት ስድስት ቦታ የሚያመለክት ሰው ግን አንድ ቀን የአንዱን ስም ለሌላው መላኩ አይቀርም። የድርጅቱ ስም ማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ይበቃዋል።

ማስረጃ ላይ ቆም ልበል፤ የዜሮ ዓመት ሲቪ የሚደክመው እዚህ ነውና። ማስረጃ ማለት «አሳዪኝ» ስትባዪ ልታሳዪው፣ «እንዴት ነው የሚሠራው?» ስትባዪ ልታስረጂው የምትችዪው ነገር ነው። ታታሪ፣ ቅን፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምወድ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምችል የሚሉት ማስረጃ አይደሉም። ሰነፍ ነኝ ብሎ የጻፈ አመልካች ስለሌለ አንባቢው ዓይኑን አሳልፎ ነው የሚሄደው።

አንቺ ግን ማስረጃ አለሽ፤ ግማሹን ራስሽ ነሽ የደበቅሽው። የአክስትሽን ሱቅ «ሥራ ስላልሆነ» ብለሽ ትተሽዋል። እስቲ ምን እንደምትሠሪ እንቁጠር። ማታ ማታ የካሽ ሬጂስተሩን ዜድ ሪፖርት (የቀኑን ሽያጭ ድምር) አውጥተሽ ከመሳቢያው ገንዘብ ጋር ታመሳክሪያለሽ? የግዢ ደረሰኞችን በቀን ቅደም ተከተል ታስቀምጫለሽ? ሱቁ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ በየወሩ የሚያሳውቀውን የሽያጭና የግዢ ዝርዝር አንቺ ነሽ የምታዘጋጂው? የቀረውን ደብተር፣ እስክሪብቶና የወረቀት ደስታ ዓመቱ ሲያልቅ ቆጥረሽ ከመዝገቡ ጋር ታስተያያለሽ? ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ሲመጣ ፕሮፎርማ ትሞያለሽ? ከነዚህ ለሁለቱ እንኳን «አዎ» ካልሽ፣ ክፍል ውስጥ ሌጀር በወረቀት ብቻ ከሠራው ተመራቂ የሚለይሽ ነገር አለ ማለት ነው።

ስያሜው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ» ብለሽ እንዳትጽፊው። ብዙ ማስታወቂያዎች ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ፤ አክስትሽ ደግሞ በፔይሮል አልያዙሽም፤ የሥራ ግብርም የጡረታ መዋጮም በስምሽ አልገባም። ማስረጃ አምጪ ሲሉሽ ትወድቂያለሽ፤ ይባስ ብሎ ዋሽተሻል ይባላል። «የቤተሰብ ንግድ ሒሳብ አያያዝ» ብለሽ ለብቻው ከኢንተርንሺፑ ሥር አስቀምጪው። እውነት ነው፣ ከበቂም በላይ ነው፣ ማንም ደብዳቤ አይጠይቅሽም።

ኢንተርንሺፑም ላይ ያው ነው። «የተለያዩ የሒሳብ ሥራዎችን ሠርቻለሁ» ማለት ምንም አልሠራሁም ከማለት ብዙ አይርቅም። አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ክፍል የሚሠራው የታወቀ ነው፦ የክፍያ ቫውቸር፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ፔቲ ካሽ (ለጥቃቅን ወጪ የሚያዝ ገንዘብ)፣ ከኤልሲ (የባንክ የማስመጫ ክፍያ ሰነድ) እና ከዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) የሚመጣውን ወጪ ሰብስቦ የዕቃውን ዋጋ ማስላት። ሁለት ወር ሙሉ ፋይል ስታደራጂ ብቻ ከነበረም እሱኑ በስሙ ጻፊው፦ «የክፍያ ሰነዶችን በቫውቸር ቁጥር አደራጅቻለሁ»። ለአንድ ጁኒየር የሚሰጠው የመጀመሪያው ሥራ እሱ ስለሆነ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሦስተኛው፣ የምትረከቢው ሥራ፣ ከማስታወቂያው ላይ ነው የሚወጣው። ማስታወቂያው «ዋና ዋና ተግባራት» ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ በእርግጥ የምትችያቸውን ሁለት ወይም ሦስት መርጠሽ ታነሻለሽ። ዝርዝር ከሌለው ከመደቡ ስም ተነሺ፤ ጁኒየር አካውንታንት የሚቀጠረው የዕለት ምዝገባና ሰነድ እንዲይዝ ነው፤ የድርጅቱን የፋይናንስ ስትራቴጂ እንዲነድፍ የሚጠብቅበት የለም። ከመደቡ በላይ የሆነ ተስፋ መስጠት ሥራውን አለማወቅ ነው የሚያስመስለው።

አንቺ ቁጭ ብለሽ ብትጽፊው መጀመሪያ የሚወጣልሽ እንዲህ ያለ ነገር ይመስለኛል፦

«በ2017 ዓ.ም. በአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ያገኘሁና የመውጫ ፈተናን በብቃት ያለፍኩ ስሆን፣ በአስመጪ ድርጅት ለሁለት ወር ባደረግሁት ኢንተርንሺፕ የተለያዩ የሒሳብ ሥራዎችን የሠራሁ፣ ፒችትሪ፣ ኤክሴል፣ ወርድና ፓወር ፖይንት የምችል፣ በጫና ውስጥ መሥራት የማይከብደኝ በመሆኔ፣ በጁኒየር አካውንታንትነት ተቀጥሬ ድርጅቱን በቅንነት ማገልገል እፈልጋለሁ።»

ከድሮው ይሻላል፤ ግን ገና ነው። የምረቃው ዓመት ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ የትምህርት ክፍሉ ላይ አለ። የመውጫ ፈተናም እንደዚሁ፤ ፈተናው በ2015 ከተጀመረ ወዲህ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን ስለማያገኝ፣ «ተመርቄአለሁ» ስትዪ «አልፌአለሁ» ማለትሽ ነው። ውጤትሽ ከፍ ያለ ከሆነ ቁጥሩን ትምህርት ክፍሉ ላይ አስቀምጪው። ወርድና ፓወር ፖይንት ለሒሳብ ሠራተኛ ኦብጀክቲቭ አይሆኑም። «የተለያዩ» ይውጣ፣ «በጫና ውስጥ» ይውጣ፣ «በቅንነት» ይውጣ። ትልቁ ግን የአቀማመጡ ነገር ነው፤ በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ስለሚመጣ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ስትጽፊው መደቡ መጨረሻ ላይ ነው ብቅ የሚለው። ስለዚህ መደቡን ለብቻው ቆርጠሽ ፊት አውጪው፤ የቀረውን በአጫጭሩ አስከትዪ፦

«ጁኒየር አካውንታንት። በአስመጪ ድርጅት የሁለት ወር ኢንተርንሺፕ የክፍያ ቫውቸር ያዘጋጀሁና የባንክ ሒሳብ ያስታረቅሁ፣ የአንድ ሱቅ የቀን ሽያጭና ወርኃዊ የቫት ሰነድ የምይዝ። የዕለት ምዝገባ፣ የሰነድ አያያዝና የወር መዝጊያ ሥራን ተረክቤ ለመሥራት።»

ሠላሳ ቃል ነው። በአማርኛ ከ25 እስከ 35 ቃል፣ በእንግሊዝኛ እስከ 50 ቃል ድረስ ይበቃል፤ በኤ4 ወረቀት በ11 የፊደል መጠን ከሦስት መስመር ካለፈ ቆርጪ። ውስጡ ያሉትን ሥራዎች እኔ ገምቼ ነው ያስገባሁት፤ የባንክ ሒሳብ አስታርቀሽ የማታውቂ ከሆነ አውጪውና በሠራሽው ተኪው። እንዳለ ቀድተሽ ብታስገቢው የጽሕፈት ቤቱን ኮምፒውተር በእኔ መተካትሽ ነው።

የሒሳብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪን ለምን አወጣሁት? ማስታወቂያው ከጠየቀ ይመለሳል፤ ግን «እችላለሁ» በሚል አይደለም። የግል ድርጅቶች ለጁኒየር መደብ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው የተግባር ፈተና መስጠት የተለመደ ነው፦ አዲስ ካምፓኒ ክፈቺ፣ ቻርት ኦፍ አካውንት አስገቢ፣ ይህን ደረሰኝ መዝግቢ፣ ትሪያል ባላንስ አውጪ። የአንድ ሳምንት ኮርስ ወስዶ ሰርተፍኬት የያዘና እጁን ያላፍታታ ሰው ሁለተኛው ላይ ይቆማል። ስለዚህ የሠራሽበትን ነገር ጻፊ፦ «በፒችትሪ ግዢና ክፍያ የመዘገብሁ»። ሶፍትዌሩ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ከተባለ ቆይቷል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን እስካሁን ፒችትሪ ነው፤ አንቺ ማስታወቂያው በጠራበት ስም ጥሪው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ እንምጣ። አዎ፣ ይቀየራል፤ ግን ሁሉም አይቀየርም። የመደቡ ስም ሁልጊዜ ይቀየራል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይቀየራል። መካከለኛው፣ ማስረጃው፣ ያው ነው፤ የትኛው ይቅደም የሚለው ብቻ ይለያያል። አንዴ ካዘጋጀሽው ለአንድ ማመልከቻ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ለምሳሌ የእሑዱ ሪፖርተር ላይ ወይም ቴሌግራም ላይ እንዲህ የሚል አገኘሽ እንበል፦ «ፋይናንስ አሲስታንት። ቢኤ ዲግሪ በአካውንቲንግ፣ 0-1 ዓመት። የክፍያ ሰነዶችን አሟልቶ ማዘጋጀት፣ ፔቲ ካሽ መያዝ፣ ወጪን በበጀት መደብ መመዝገብ። ደመወዝ፦ በድርጅቱ ስኬል። የሥራ ቦታ፦ አዲስ አበባ።» ይህ የኤንጂኦ ማስታወቂያ ነው። እርሳስ አንሺና ሥራ የሚናገሩትን ቃላት አስምሪባቸው፦ አሟልቶ ማዘጋጀት፣ መያዝ፣ በበጀት መደብ መመዝገብ። ኤንጂኦ ቤት እያንዳንዱ ክፍያ ከኋላው የግዢ መጠየቂያ፣ ሦስት ፕሮፎርማ፣ የዕቃ መረከቢያና ደረሰኝ ይከተለዋል፤ አንዱ ከጎደለ ኦዲተሩ ወጪውን ውድቅ ሊያደርገው፣ ለጋሹም ገንዘቡን መልሱ ሊል ይችላል። «አሟልቶ» የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልገባም። አንቺ ደግሞ በአክስትሽ ሱቅ ከፕሮፎርማው ማዶ ቆመሽ የምትሞዪው ሰው ነሽ፤ ማኅተም የሌለው፣ የግብር ከፋይ ቁጥር ያልተጻፈበት ፕሮፎርማ ተመላሽ እንደሚሆን ከገዢዎቹ ሰምተሽ ታውቂያለሽ። ስለዚህ፦

«ፋይናንስ አሲስታንት። የሱቅ ፕሮፎርማ፣ ደረሰኝና የቀን ጥሬ ገንዘብ የምይዝ፣ በአስመጪ ድርጅት ኢንተርንሺፕ የክፍያ ቫውቸር ከነደጋፊ ሰነዱ ያዘጋጀሁ። የክፍያ ሰነድ ማሟላትን፣ ፔቲ ካሽንና የወጪ ምዝገባን ተረክቤ ለመሥራት።»

በበጀት መደብ መመዝገብ የሚለውን «የወጪ ምዝገባ» ብዬ ዝቅ ያደረግሁት አስቤበት ነው። ሠርተሽው የማታውቂውን ነገር ቃል በቃል ከማስታወቂያው ገልብጦ ማስገባት ያስጠረጥራል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሆናል።

ፈጽሞ እዚህ ቦታ እንዳይገቡ የምመክርሽ አሉ። «ማስተርሴን እየተማርኩ» ወይም «ወደፊት የመማር ዕቅድ ስላለኝ» የሚለው ትልቅ ሕልም ያለሽ ቢያስመስልም፣ ቀጣሪው የሚያነበው «በስድስት ወር ውስጥ እለቃለሁ» ወይም «ፈተና ሲደርስ ፈቃድ እጠይቃለሁ» ብሎ ነው። ደመወዝ አይገባም፤ «በስምምነት» ከተባለ ስምምነቱ የሚደረገው ስትጠሪ ነው። ቤተሰብን መርዳት፣ ሥራ ፈትቶ የመቀመጥ ምሬት፣ «ዕድሉ ቢሰጠኝ» የሚል ልመና እውነት ቢሆኑም እዚህ ቦታቸው አይደለም። ዳይናሚክ፣ ሃርድ ወርኪንግ፣ ሴልፍ ሞቲቬትድ፣ ቻሌንጂንግ ፖዚሽን የሚሉትም በማንኛውም ቋንቋ ይቅሩ። ቻትጂፒቲን «ኦብጀክቲቭ ጻፍልኝ» ብቻ ካልሽው የሚሰጥሽ እነዚህኑ ነው፤ የሠራሽውን ዘርዝረሽ፣ ማስታወቂያውን ለጥፈሽ፣ «በሠላሳ ቃል አሳጥረው» ስትዪው ግን ይረዳሻል።

ቋንቋውን ማስታወቂያው በወጣበት ቋንቋ አድርጊው። ኤንጂኦና ብዙ የግል ድርጅት በእንግሊዝኛ ስለሚያወጡ የእንግሊዝኛው ሲቪ የበለጠ ይሠራልሻል። አሠራሩ ያው ነው፦ መጀመሪያ የመደቡ ስም፣ ከዚያ የሠራሽው በኃላፊ ጊዜ፣ ከዚያ የምትረከቢው። «ቱ ኦብቴይን» ብለሽ አትጀምሪ፤ ስድስት ቃል ሙሉ ምንም ሳይነገር ያልፋል። እንግሊዝኛሽ የሚያጠራጥርሽ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሪው፤ አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ስህተት የሚገባበት ቦታ ጥቂት ነው። ኦብጀክቲቩ ላይ ያለ የሰዋስው ስህተት ገና ገጹ ሳይጀመር ስለሚታይ፣ ታች ካለው ስህተት ይልቅ ይጎዳል።

ጽፈሽ ስትጨርሺ አንድ ፍተሻ አድርጊ። ሲቪውን አትሚና ከኦብጀክቲቩ እያንዳንዱ ማስረጃ ወደ ታች መስመር አስምሪ። «የባንክ ሒሳብ ያስታረቅሁ» የሚለው መስመር ኢንተርንሺፑ ክፍል ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ ማግኘት አለበት፤ «ወርኃዊ የቫት ሰነድ» የሚለው የቤተሰብ ንግዱ ክፍል ውስጥ። መስመሩ ማረፊያ ካጣ ወይ ታች መጨመር ያለብሽ ነገር አለ፣ ወይ ላይ ያለው ውሸት ነው። ከታች ስትዘረዝሪ ቁጥር ጨምሪበት፦ የስንት ወር ሰነድ፣ በወር በግምት ስንት ደረሰኝ፣ ስንት የባንክ ሒሳብ። ኦብጀክቲቩ ላይ ቁጥር ማብዛት ግን አያስፈልግም፤ ያጨናንቀዋል።

ትንንሽ ነገሮች፦ ቀን ስትጽፊ አንዱን አቆጣጠር ብቻ ተጠቀሚ። አማርኛው ላይ ሐምሌ 2017 ካልሽ እንግሊዝኛው ላይ ጁላይ 2025 ነው። ኢንተርንሺፑ ኅዳርና ታኅሣሥ 2017 ከነበረ ግን ኖቬምበርና ዲሴምበር 2024 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ስለሆነ። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ኢንተርንሺፑን ከምረቃው በኋላ ያደርገዋል ወይም አንድ ዓመት ያጠፋል። የአማርኛው ሲቪ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ከተተየበ ሌላ ስልክ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል፤ በዩኒኮድ አስተይቢው፤ የምትልኪውም ፒዲኤፉን ነው። ቴሌግራም ላይ ባሉ የሥራ ቦቶች ስታመለክቺ አጭር መልእክት የሚጠይቅ ሳጥን ካለ ኦብጀክቲቩን ከነሠላሳ ቃሉ እዚያ ለጥፊው፤ ለዚያ ልክ ነው።

ይህ ሁሉ የሚያገለግለው ዜሮ ዓመት እስካለሽ፣ ወይም ሙያ በምትቀይሪበት ጊዜ ነው። አንድ ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላ ኦብጀክቲቩን አውጥተሽ በቦታው ማጠቃለያ አስገቢ፤ ያኔ የምትፈልጊውን ሳይሆን የሠራሽውን ነው ከላይ የምታስቀምጪው።

የባንኩ ጉዳይ የተለየ ነው። ለጀማሪ መደብ ባንኮች በአብዛኛው በኦንላይን ፎርም ነው የሚቀበሉት፤ የመጀመሪያው ማጣሪያም ሲጂፒኤና የምረቃ ዓመት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ፎርም ሞልተሽ፣ የትምህርት ማስረጃ አቅርበሽ ለፈተና ነው የምትጠሪው፤ ኦብጀክቲቭ ነጥብ አያሰጥም። ለነዚህ ዓረፍተ ነገር ስታሳምሪ አታምሺ፤ ፎርሙ ላይ ያለው ስምሽ ከዲግሪው ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን ብታዪ ይሻልሻል። ባንኩ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶ «ሲቪ ይዘሽ ነይ» ካለሽ ግን ለዚያ ቀን አንድ አዘጋጂ፤ የሱቁን የቀን ገንዘብ ከዜድ ሪፖርት ጋር ማመሳከርሽ ከማስረጃዎቹ ሁሉ ይቅደም፤ ካውንተር ላይ የሚቀመጥ ሰው ማታ ማታ የሚሠራው ከዚያ ብዙ አይለይምና። «ለምን ባንክ መረጥሽ?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔም ከዚያው ዓረፍተ ነገር ጀምሪ፤ ገንዘቡና ሪፖርቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ልዩነቱን እንዴት እንደምትፈልጊ አስረጂያቸው።